ከመተማ የምትመለሰውን ልጅ እንዴት እንቀበላት?

ከአርብ ገበያ፣ ከስማዳና ከእስቴ ወጣቶች ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ይወርዳሉ። ምግብ ለማብሰል ሄደው ቡና ቤት የሚቀሩ ሴቶችም አሉ። እዚያ ያለ ኮንዶም ብር የሚጨምር ደንበኛ አይጠፋም፤ ለእኔ ከልጅቷ ይልቅ የሚወቀሰው እሱ ነው። የያዘውን ይዞ ወደ ሚስቱ ይመለሳላ!

ኤችአይቪ ለዓመታት ምልክት ላያሳይ ይችላል። ቂጥኝም ቁስሉ በራሱ ስለሚጠፋ የዳነ ይመስላል፤ ግን ፅንስ ይጎዳል። ቶሎ ከታወቀ በፔኒሲሊን መርፌ ይድናል። ልጅቷ ተደፍራ ከሆነ በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ትድረስ፤ ለ28 ቀን የሚዋጥ የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት አለ። ከቆላ ተመልሶ ትኩሳት ያልለቀቀው፣ ሆዱ ያበጠ ደግሞ ካላዛርም ይመርመር። ካላዛርና ኤችአይቪ አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ይከፋሉ።

እናቶች፣ አያቶች፣ «የት ከረምሽ?» ብሎ ማፋጠጥ ከምርመራ ያርቃታል። ቡና ይፈላ፣ ትረፍ፤ በማግስቱ ጤና ጣቢያ አብራችኋት ሂዱ።