በሰፈሩት ቁና፦ ስለ ፈተና ነጥብና ስለ «ስኬል» ጥቂት ማብራሪያ

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት ይፋ በሆነ ሰሞን በየሠፈሩ የሚሰማው እሮሮ ተመሳሳይ ነው። «እኔ ከዚህ የበለጠ ነው የሠራሁት፤ ስኬል አድርገው ቆረጡብኝ» ይላል አንዱ። «ይሄ እኮ በስኬል ነው ያለፈው፣ በራሱማ የት አባቱ!» ተብሎ ይታማል ሌላው። ሦስተኛው ደግሞ «ስኬል ቢያደርጉልን ኖሮ ሁላችንም እናልፍ ነበር» ሲል ያማርራል። ልብ ብለን ካዳመጥነው አንዱ ቃል በሦስት ሰዎች አፍ ሦስት ትርጉም ይዟል። ለአንዱ ነጥብ ቀሚ፣ ለሌላው ነጥብ መጽዋች፣ ለሦስተኛው ደግሞ ሳይመጣ የቀረ እንግዳ ነው።

እኛ ሠልጣኞች በዚህ እሮሮ ውስጥ ያለፍን ነን። ከመካከላችን በስልኩ ውጤቱን አይቶ ቀኑን ሙሉ ከቤት ሳይወጣ የዋለ አለ። አሁን ግን ነገሩ ሊገለበጥ ነው። ነገ ጠመኔ ይዘን የምንቆመው፣ ነጥብ የምንሰጠውና «ለምን ይህን አገኘሁ?» ተብለን የምንጠየቀው እኛ ነን። ስለዚህ ነጥብ እንዴት እንደሚሰጥና እንዴት እንደሚመጣጠን ከወዲሁ ለይተን ማወቅ ይገባናል። ለዚህ ጽሑፍ ያነሣሣን ግን በልምምድ ላይ ሳለን የሠራነው የራሳችን ስሕተት ነው።

በልምምድ ላይ ያጋጠመን

በማስተማር ልምምዱ ወቅት የቡድናችን ግማሹ 6ኛ «ሀ»ን፣ ግማሹ 6ኛ «ለ»ን ሒሳብ እንዲያስተምር ተመደበ። በመጨረሻ ለሁለቱም ክፍሎች አንድ ዓይነት ፈተና ሰጠን። ፈተናው 20 ጥያቄ ሲሆን፣ ምርጫ የሌለው፣ እየሠሩ የሚመልሱት ነበር። ታርሞ ሲያልቅ የ«ሀ» ክፍል ከፍተኛ ነጥብ 14፣ የ«ለ» ክፍል ከፍተኛ ነጥብ 19 ሆነ። የ«ሀ» ልጆች ቅር እንዳይላቸው ብለን «ስኬል እናድርግላቸው» ተባባልን። በየክፍሉ አንደኛ የወጣውን እንደ 20 ቆጥረን የሌሎቹንም በዚያው መጠን ከፍ አደረግን። በቃ፣ ደግ ሥራ የሠራን መስሎን ወረቀቱን መለስን።

በማግሥቱ አንዲት የ«ለ» ክፍል ተማሪ ወረቀቷን ይዛ መጣች። ጎረቤቷ የሆነ ልጅ በ«ሀ» ክፍል ይማራል፤ የሚያጠኑትም አብረው ነው። ማታ ወረቀታቸውን ጎን ለጎን አድርገው ራይቱን ሲቆጥሩ ሁለቱም 10 ጥያቄ ሠርተዋል። እሱ የተሰጠው ግን 14.3፣ እሷ የተሰጣት 10.5 ነው። እናቷም «አብራችሁ እያጠናችሁ እንዴት ብታነሺ ነው?» ብለው ተቆጥተዋታል። «ጋሼ፣ እኔና እሱ እኩል አይደል የሠራነው? ታዲያ ለምን በለጠኝ?» ብላ ጠየቀችን። እርስ በርስ ከመተያየት በቀር መልስ አልነበረንም።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። የልጁ 10 ነጥብ በ20/14 ሲባዛ 14.3 ይሆናል። የልጅቷ 10 ነጥብ በ20/19 ሲባዛ ግን 10.5 ብቻ ነው። ሥራቸው እኩል ነው፤ የሰፈርንበት ቁና ግን ሁለት ነበር። ገበያ ላይ አንዱ ነጋዴ ጣሳውን ከምሮ፣ ሌላው ልክ አድርጎ ቢሰፍርና ሁለቱም «አንድ ጣሳ ነው» ቢሉ፣ እኛ ያደረግነው ይህንኑ ነው።

ስሕተቱን ለማረም ሁለቱን ክፍሎች አንድ ላይ አድርገን በ19 አሰላን። ያን ጊዜ የ«ሀ» ክፍል አንደኛ ከ20 ወደ 14.7 ወረደ። ክፍሉ ጫጫታ ሆነ፤ ያለቀሱም ነበሩ። ሰጥቶ መንሳት ከመጀመሪያው ካለመስጠት ይልቅ እንደሚያም ያየነው በዚያ ቀን ነው። የክፍሉ ቋሚ መምህር ነገሩን ሰምተው ሲመጡ አልተቆጡም፤ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁን፦ «ለመሆኑ የ«ሀ» ልጆች የሳቱት የቱን ጥያቄ ነው?» ወረቀቶቹን እንደገና ስናገላብጥ ስድስት ጥያቄዎችን ከ«ሀ» ክፍል አንድም ልጅ አልሠራቸውም። ስድስቱም ክፍልፋይን በክፍልፋይ ስለ ማካፈል የተጠየቁ ነበሩ። እሱን ትምህርት በ«ሀ» ክፍል በጥድፊያ፣ በአንድ ክፍለ ጊዜ ጨርሰነው ነበር።

እንግዲህ የጎደለው የልጆቹ ነጥብ ሳይሆን የእኛ ትምህርት ነበር። በስኬል ቀዳዳውን ሸፈንነው እንጂ አልደፈንነውም። በመጨረሻ ትምህርቱን ደግመን አስተምረን በስድስቱ ፈንታ ሌላ ስድስት ጥያቄ ለሁለቱም ክፍሎች ሰጠን። ሁሉም ባይሆኑም ብዙዎቹ ሠሩት።

ስኬል የሚባለው ምንድን ነው?

ሰው ሁሉ በአንድ ስም የሚጠራቸው ሥራዎች በእርግጥ የተለያዩ ናቸው።

ሀ) ወደ መቶ መለወጥ። 80 ጥያቄ ባለው ፈተና 36 የሠራ ተማሪ ከመቶ 45 ያገኛል። ይህ መለኪያውን መቀየር ብቻ ነው፤ የተጨመረም የተቀነሰም የለም። ብዙ ጊዜ «ነጥቤ ተቆረጠ» የሚያሰኘው ግን ይኸው ነው። ተማሪው ከፈተና እንደወጣ ከጓደኞቹ ጋር መልስ ያመሳክራል፤ የጓደኞቹ መልስ ራሱ ስሕተት ሊሆን እንደሚችል አያስብም። «40 ሠርቻለሁ» ብሎ ቆጥሮ የገባ ልጅ ውጤቱ ሲመጣ የተሰረቀ ይመስለዋል።

ለ) መጨመር ወይም ማባዛት። ፈተናው ከብዷል ተብሎ ለሁሉም እኩል 5 ነጥብ ቢጨመር በተማሪዎቹ መካከል ያለው ልዩነት አይለወጥም። በማባዛት ከሆነ ግን ብዙ ያለው ብዙ፣ ጥቂት ያለው ጥቂት ይጨመርለታል። በሁለቱም መንገድ የደረጃው ቅደም ተከተል እንዳለ ይቆያል። «ስኬል ሲደረግ ሰነፉ ጎበዙን ቀደመው» የሚባለው፣ ሁሉም በአንድ መስፈሪያ እስከተሰፈሩ ድረስ፣ ሊሆን አይችልም። የሚሆነው እኛ እንዳደረግነው መስፈሪያው ሁለት ሲሆን ነው።

ሐ) ከአማካዩ አንጻር መለካት። ይህኛው ትንሽ ማሰብ ይጠይቃል። አንድ ተማሪ በታሪክ ከ50 ጥያቄ 45፣ በፊዚክስ ደግሞ ከ50 ጥያቄ 30 ሠራ እንበል። በየትኛው ይበልጣል? ላይ ላዩን ሲታይ በታሪክ ነው። ነገር ግን የታሪኩ ፈተና ቀሎ የሁሉም ተፈታኝ አማካይ 40፣ ፊዚክሱ ከብዶ አማካዩ 20 ቢሆንስ? የነጥቦቹ ስርጭት፣ ማለትም በአስተማሪዎች አነጋገር ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ፣ በሁለቱም 5 ነው እንበል። በታሪክ ከአማካዩ በአንድ እርምጃ፣ በፊዚክስ ግን በሁለት እርምጃ ይበልጣል ማለት ነው። አማካዩን 50፣ እያንዳንዱን እርምጃ 10 አድርገን ብንጽፈው ታሪክ 60፣ ፊዚክስ 70 ይሆናል። ዝቅተኛው ነጥብ በልጦ ተገኘ። ማንም ምንም አልሰረቀም፤ የተለወጠው ጥያቄው ነው። የመጀመሪያው ነጥብ «ስንት ጥያቄ ሠራ?» ለሚለው፣ ሁለተኛው «ከሌሎቹ አንጻር የት ቆመ?» ለሚለው መልስ ነው።

መ) የማለፊያ መስመር። ይህ ከነጥብ ማመጣጠን ጋር አብሮ የሚደባለቅ ነው እንጂ ስኬል አይደለም። መስመሩ ቢወርድ ወይም ቢወጣ የተማሪው ነጥብ አይነካም፤ የሚለወጠው ከመስመሩ በላይ የሚገኘው ሰው ቁጥር ነው።

የአገራችን ፈተና በምን ይሰፈር ነበር?

በቀድሞው ማትሪክ የየትምህርቱ ውጤት ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኤፍ እየተባለ በፊደል ይሰጥ ነበር። ኤ በ4 ስለሚቆጠር ሁሉንም ኤ ያመጣ «ፎር ፖይንት» ይባላል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የትምህርት እርከኑን ሲለውጠው ያ ማትሪክ ቀስ በቀስ ቀርቶ የ12ኛ ክፍሉ ፈተና የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ሆነ፤ ውጤቱም ከመቶ ይገለጽ ጀመር። አባት «እኔ በዘመኔ ይህን አምጥቻለሁ» ብሎ ከልጁ ጋር ሲያወዳድር ሁለት ቁና እያወዳደረ ነው።

ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት የዩኒቨርሲቲ መግቢያ መስመሩ በየዓመቱ እንደ ቦታው ብዛት ይወጣና ይወርድ ነበር፤ ለሴቶችና ለታዳጊ አካባቢዎች ዝቅ ያለ መስመር ይወጣ ነበር። ከ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ፈተና ጀምሮ ግን ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ይሰጥ ጀመር፤ መስመሩም 50 በመቶ ላይ ተተከለ። በዚያ ፈተና 50ና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆኑ። ከመስመሩ በታች ካሉት ውስጥ የተሻሉት በሪሜዲያል ፕሮግራም ተምረው እንደገና የሚፈተኑበት መንገድ ተከፈተ።

ብዙ ሰው «ስኬል ተደርጎ ነው እንዲህ ያነሰው» ያለው በዚህ ጊዜ ነው። ነገር ግን ከሌሎች አንጻር በሚለካ አሠራር ሁልጊዜ ፊት የሚወጣ ወገን ይኖራል፤ ሁሉም ቢደክሙ እንኳ ከደካሞቹ የሚሻለው ያልፋል። የተተከለ መስመር ግን እንዲህ አያባብልም። ሁሉም ቢሠሩ ሁሉም ያልፋሉ፤ ሁሉም ባይሠሩ ሁሉም ይወድቃሉ። ቁጥሩ እንዲያ ማነሱ ቀዳዳው ሳይሸፈን ስለታየ ነው። ቀዳዳው የተማሪው ብቻ ነው ብሎ መደምደም ግን አይቻልም። በስድስቱ ጥያቄዎች የ«ሀ» ክፍል ልጆች ብቻ አልነበሩም የወደቁት።

ነገሩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የመጨረሻው ፈተና ሳይሰጥ ቀርቶ መምህራን በሰጡት ግምት ላይ የየትምህርት ቤቱን ያለፉ ዓመታት ውጤት ያሰላ ቀመር ተጨመረበት። ወደ 40 በመቶ የሚሆነው ውጤት ከመምህራኑ ግምት ዝቅ አለ። ተማሪዎች አደባባይ ወጡ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም ቀመሩ ተሽሮ የመምህራኑ ግምት እንዲጸና ተደረገ። ልጆቹን ያስቆጣቸው የራሳቸው ሥራ በትምህርት ቤታቸው ስም መሰፈሩ ነበር፤ የእኛዋም የ6ኛ «ለ» ተማሪ የጠየቀችን ይህንኑ ነው።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

አንደኛ፣ ነጥብ የምንሰጥበትን መንገድ ከፈተናው በፊት እንንገር። ከፈተናው በኋላ የሚወጣ ደንብ፣ ትክክል እንኳ ቢሆን፣ ተንኮል ይመስላል።

ሁለተኛ፣ ስኬል ማድረግ ካስፈለገ አንድ ፈተና የወሰዱ ሁሉ በአንድ መስፈሪያ ይሰፈሩ። የሠሩትን ነጥብና የተመጣጠነውን ነጥብ ጎን ለጎን ጽፈን እናሳያቸው።

ሦስተኛ፣ ከመጨመራችን በፊት የትኛው ጥያቄ እንደተሳተ እንቁጠር። ጥያቄው ራሱ የተበላሸ ከሆነ እንሰርዘው፤ ትምህርቱ ያልገባቸው ከሆነ ግን ደግመን እናስተምር።

«በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» ይባላል። በልምምዱ መጨረሻ ለእኛም የማስተማር ነጥብ ተሰጥቶናል። ወረቀቱ ሲደርሰን ከመካከላችን መጀመሪያ የተሰማው ቃል «ይሄ ነገር በምን ተሰልቶ ነው?» የሚል ነበር። ያችን ተማሪ ያስታወስናት ያን ጊዜ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ላይ የተለየ ሐሳብ ያላችሁ ሠልጣኞችና መምህራን በዝግጅት ክፍሉ ሣጥን ብትጨምሩልን በሚቀጥለው ዕትም እናወጣዋለን።