ስሙ አንድ፣ ልኩ ሌላ፦ ለአሮጌ ሽጉጥ ምላጭ ሲፈለግ

በከሚሴና በአካባቢዋ፣ እንደ ሌላው የአገራችን ክፍል ሁሉ፣ ከአያት ከአባት የተላለፈ መሣሪያ በክብር ይቀመጣል። ከእነዚህ ቅርሶች አንዱ የጥይት መያዣው የሚሽከረከረው ሽጉጥ፣ ማለትም ሪቮልቨር ነው። የዚህ ሽጉጥ ምላጭ ሲሰበር ባለቤቱ አስቀድሞ የሚጠይቀው «የዚህ ዓይነት ምላጭ ከየት ይገኛል?» ብሎ ነው። ለፊዚክስ ተማሪ ግን የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ፤ «የዚህ ዓይነት» ማለት ምን ማለት ነው?

ስም ልክ አይደለም። ለምሳሌ የጣሊያኑን ቦዴዎ ሪቮልቨር እንውሰድ። ሞዴሉ እ.ኤ.አ. የ1889 ሲሆን፣ ከደሴ ተነሥቶ በከሚሴና በጣርማ በር መንገድ ተጉዞ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የጣሊያን ሠራዊት ይህን ሽጉጥ ይታጠቅ ነበር። ቦዴዎ በተለያዩ ፋብሪካዎች ተሠርቷል። ለተራ ወታደር የተሠራው ምላጩ የሚታጠፍና የምላጭ መከለያ የሌለው ነው፤ ለመኮንን የተሠራው ግን መከለያ አለው። ስማቸው አንድ ቢሆንም የአንዱ ምላጭ ለሌላው አይሆንም።

ልዩነቱ በዓይን በማይታይበት ጊዜም ችግሩ አይወገድም። ምላጭ በአንድ ወስፌ ላይ የሚዞር ማንሻ ነው። መምቻው ወደ ኋላ ተስቦ ሲቆም፣ የጸደዩን ኃይል ተቋቁሞ የሚይዘው የምላጩ ጫፍ ነው። ጫፉ መምቻውን የሚደግፈው ግማሽ ሚሊ ሜትር በሚሆን ከንፈር ነው እንበል። የተተኪው ምላጭ የወስፌ ቀዳዳ 0.2 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢዛነፍ፣ ከድጋፉ 40 በመቶው ሊጠፋ ይችላል።

ይህ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ በስሌት እንመልከት። ሽጉጡ ከ1.25 ሜትር ከፍታ በድንጋይ ላይ ወድቆ በ1 ሚሊ ሜትር ርቀት ውስጥ ቢቆም፣ አማካይ ፍጥነት ቅነሳው የከፍታውና የመቆሚያ ርቀቱ ንጽጽር፣ ማለትም የመሬት ስበት 1,250 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ 50 ግራም የሚመዝን መምቻ ለዚያች ቅጽበት ወደ 600 ኒውተን የሚጠጋ ኃይል ያርፍበታል፤ ይህም የአንድ ጎልማሳ ሰው ክብደት ያህል ነው። ያ ኃይል መምቻውን ወደ ፊት በሚገፋ አቅጣጫ ከመጣ፣ ማንም ምላጩን ሳይነካው ጥይት ሊተኮስ ይችላል።

«ታዲያ በሞረድ ተስተካክሎ ይግጠም» የሚል ይኖራል። ነገር ግን የብዙ ምላጮች ላይኛ ገጽ በሙቀት የጠነከረ ስስ ንብርብር ነው። ሞረድ ይህን ካነሣው፣ ከሥሩ ያለው ለስላሳ ብረት በየተኩሱ ይበላል። ዛሬ በትክክል የገጠመው ከጊዜ በኋላ ላይገጥም ይችላል።

በድሮ ፋብሪካዎች ብዙዎቹ ክፍሎች በባለሙያ እጅ እየተሞረዱ ለአንድ ሽጉጥ ብቻ ይስማሙ ነበር። በየክፍሉ ላይ ተመሳሳይ ቁጥር የሚመታውም ተጓዳኞቹ እንዳይለያዩ ነው። ክፍሎች በነፃነት እንዲተካኩ የጋራ ልክ ያስፈልጋል። ስዊድናዊው ዮሃንሶን እ.ኤ.አ. በ1896 የመለኪያ ብሎኮችን ያሰበው በኤስኪልስቱና የጠመንጃ ፋብሪካ ሲሠራ መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም።

እንግዲህ ምላጭ የሚፈልግ ሰው ከስሙ በፊት የሠሪውን ፋብሪካ፣ የተሠራበትን ዘመንና በክፍሎቹ ላይ ያለውን ቁጥር ይመርምር፤ ሥራውንም ፈቃድ ላለው ባለሙያ ይተው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012ንም ልብ ይበል። የሚስማማ ካልተገኘ፣ ሽጉጡ ጥይት ሳይጎርስ ቅርስ ሆኖ ቢቀመጥ ክብሩ አይጓደልም። በቦርከና ሸለቆ ለሚሠራ የእህል ወፍጮም ሆነ ለባጃጅ መለዋወጫ ስንፈልግ ሕጉ ይኸው ነው፤ ስም ይጠቁማል፣ ልክ ይወስናል።