ከጨረር በኋላ የአንጀት ካንሰሩ ጠፍቷል ወይስ ተደብቋል? ኤምአርአይ ምን ያሳየናል?



የትልቁ አንጀት የመጨረሻ ክፍል፣ ከፊንጢጣ በላይ ያለው፣ ሬክተም ይባላል። እዚህ የሚነሳ ካንሰር ወደ ዙሪያው ከተስፋፋ ብዙ ጊዜ ወዲያው ኦፕራሲዮን አይደረግም። መጀመሪያ ዕጢው እንዲሟሽሽ ጨረርና ኬሞ ይሰጣል።

ከዚያ የብዙ ታካሚዎች ደም ይቆማል፣ ሕመሙም ይቀላል። «ዶክተር፣ እኔ እኮ ድኛለሁ፤ ኦፕራሲዮኑ ይቅርብኝ» ይላሉ። እውነት አላቸው፣ ያስፈራል። ዕጢው ለፊንጢጣ በጣም ከቀረበ ሰገራ ዕድሜ ልክ በሆድ በኩል በከረጢት እንዲወጣ ሊደረግ ይችላል። ግን ምልክቱ ጠፋ ማለት ካንሰሩ ጠፋ ማለት አይደለም።

ታዲያ በምን ይታወቃል?

የተለመደው ኤምአርአይ የዕጢውን መጠንና ጥልቀት በደንብ ያሳያል። ከጨረር በኋላ ግን ቦታው ጠባሳ ይሆናል፤ ጠባሳው ውስጥ የተረፈ ካንሰር ካለ መለየት ይከብዳል። እዚህ ጋ ዲፊውዥን የሚባለው የኤምአርአይ ዓይነት ያግዛል። የሚከታተለው የውሃን እንቅስቃሴ ነው። የካንሰር ሴሎች ተጠጋግተው ስለሚታጨቁ ውሃ በመሃላቸው እንደልቡ አይንቀሳቀስም። የበዓል ዋዜማ ገበያን አስቡት! ያ ቦታ በምስሉ ላይ ደምቆ ይታያል። ሴሎቹ ሲሞቱ ግን መተላለፊያው ይከፈታል፣ ድምቀቱም ይቀንሳል።

ተመራማሪዎች ይህን ለውጥ እየለኩ ሕክምናው ለማን እንደሚሠራ ቀድሞ ለማወቅ እየሞከሩ ነው። ለጊዜው ግን ኤምአርአይ ብቻውን አይወስንም፤ ትንሽ ቅሪት ሊያመልጠው ይችላል።

ስለዚህ 3 ምርመራዎች አብረው ይታያሉ፦
✅ ሐኪሙ በጣት የሚያደርገው ምርመራ
✅ በካሜራ የአንጀት ምርመራ
✅ ኤምአርአይ

ሦስቱም ንጹህ ከሆኑ ኦፕራሲዮኑን አቆይቶ በቅርብ መከታተል ይቻላል። ይህን አካሄድ በዓለም ያስተዋወቁት የብራዚሏ ቀዶ ሐኪም ዶ/ር አንጀሊታ ሃብር-ጋማና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ነገር ግን በዚህ መንገድ ከሚከታተሉ 4 ሰዎች በ1ዱ ገደማ ዕጢው ተመልሶ ያድጋል፤ አብዛኛውም በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ውስጥ ነው። ቶሎ ከተደረሰበት ብዙ ጊዜ በኦፕራሲዮን ማውጣት ይቻላል። ክትትሉን አቋርጦ ቤት መቀመጥ ግን «መጠበቅ» አይባልም።

ምክሬ፦ ከሕክምናው በፊት የተነሳችሁትን ኤምአርአይ፣ ሲዲውንም ሪፖርቱንም፣ አትጣሉ፤ አዲሱ የሚነበበው ከእሱ ጋር ተነጻጽሮ ነው። ለክትትል መመላለስ የማትችሉ ከሆነም ከውሳኔው በፊት ለሐኪማችሁ በግልጽ ንገሩ።

ጥያቄ ካላችሁ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፤ ለሚያስፈልገው ሰው ሼር አድርጉ። ጤናችሁ ይብዛ!