ፀሐይ ያደበዘዘችውን የአውቶሞቢል ቀለም ስለ ማመሳሰልና ጭረትን ስለ መጠገን

መግቢያ

ሐርላ ከድሬዳዋ ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ ዐሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ መንደር ናት። የታሪክ ተማሪዎች ስሟን የሚያውቁት በጥንታዊ ፍርስራሿ ነው፤ ይኸውም በእንግሊዝ አገር የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባደረጉት ቁፋሮ በ12ኛው መቶ ዓመት የተሠራ መስጊድና የጌጣጌጥ መሥሪያ ምልክቶች መገኘታቸውን እ.ኤ.አ. በ2017 ስለ ገለጹ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን የጥንቱን ሳይሆን በድሬዳዋና በአካባቢው ዛሬ የሚሠራበትን አንድ የእጅ ሥራ ማስረዳት ነው። ሥራው የአሮጌ አውቶሞቢሎችን ጭረት መጠገንና የደበዘዘ ቀለማቸውን ማመሳሰል ነው።

ነገሩ ለአንዳንድ አንባቢ ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን በሐረርና በድሬዳዋ ለብዙ ዓመታት በታክሲነት ያገለገለውን ፔዦ 404 እንመልከት። ይህ አውቶሞቢል በኢጣሊያዊው ፒኒንፋሪና ተነድፎ እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣ ሲሆን በፈረንሳይ አገር መሠራቱ በ1975 ቀርቷል። ስለዚህ ከፈረንሳይ ፋብሪካ የወጣው የመጨረሻው እንኳ ዕድሜው ሃምሳ ዓመት ያህል ሆኗል ማለት ነው። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ ከባድ ግብር ጣለ፤ በ2024ም መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። እንግዲህ በእጅ ያለውን መኪና ጠብቆ ማቆየት ለብዙ ባለቤቶች ምርጫ ሳይሆን ግዴታ ነው።

ከዚህም ጋር አንድ ሌላ ነገር አለ። በአገራችን ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ቀለሙ የፋብሪካ መሆኑን ነው። ሙሉ በሙሉ እንደ አዲስ የተቀባ መኪና ያጠራጥራል፤ ከቀለሙ በታች ግጭት ወይም ዝገት ተደብቆ ይሆናልና። በአንጻሩ የተጫረው ስፍራ ብቻ በሚገባ ቢጠገን የቀረው አካል እውነተኛ ሁኔታውን እንዳሳየ ይኖራል። ስለዚህ ቀለምን አመሳስሎ መጠገን ለባለቤቱ ንብረት፣ ለገዢውም እምነት የሚጠቅም ሥራ ነው።

የቀለም ሽፋኖች

የአውቶሞቢል ቀለም አንድ ነጠላ ሽፋን አይደለም። ከላሜራው ቀጥሎ ዝገት የሚከላከለው አንቲረስት፣ ከዚያም በላይ የሚታየው ቀለም ይገኛል። በኋለኞቹ ዘመናት በተሠሩት መኪኖች ላይ ደግሞ በጋራዥ አነጋገር ክሊር የሚባለው፣ ቀለም የሌለው አንጸባራቂ ሽፋን ይጨመራል። ይህ ሁሉ አንድ ላይ ተደርቦ በፋብሪካ መኪና ላይ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ዐሥረኛ እጅ ብዙም አይበልጥም። ባለ ጭረት መኪና ሲታይ ጉዳቱ የሚለካው በዚህ ጠባብ ልክ ነው።

መኪናው ክሊር ያለው ወይም የሌለው መሆኑን ለማወቅ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ በጥቂት ኮምፓውንድ ነክሮ በማይታይ ስፍራ ማሸት ይበቃል። ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ከያዘ ክሊር የለውም፤ ነጭ ሆኖ ከቀረ ግን ከላይ ክሊር አለ።

ዕድሜው የገፋ መኪና ብዙ ጊዜ ተቀብቶ ሊሆን ስለሚችል የቀድሞውን ቀለም ዓይነት መለየትም ያሻል። በቲነር የራሰ ጨርቅ በተሰወረ ስፍራ ለጥቂት ጊዜ ሲያዝ ቀለሙ ከሟሟ ናይትሮ ነው፤ ከተሸበሸበ ሲንተቲክ ነው፤ ምንም ካልሆነ በምድጃ የበሰለ ወይም በሃርድነር የደረቀ ነው። ይህ ምርመራ የሚያስፈልግበት ምክንያት በሲንተቲክ ላይ በኃይለኛ ቲነር የተበጠበጠ ናይትሮ ቢቀባ የታችኛው ስለሚነሣና ሥራው ሁሉ ስለሚበላሽ ነው። ናይትሮ በዓለም የአውቶሞቢል ሥራ ላይ የታወቀው የአሜሪካው ዱፖንት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1923 ዱኮ የተባለውን ቀለም ካወጣ በኋላ ሲሆን፣ ቀድሞ ሳምንታት ይፈጅ የነበረውን የማድረቅ ጊዜ ወደ ሰዓታት አውርዶታል።

ፀሐይ ቀለምን የምታደበዝዝበት ምክንያት

ቀለም በመሠረቱ ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው መልክ የሚሰጠው ዱቄት፣ ሁለተኛው ዱቄቱን አጣብቆ የሚይዘው ሙጫ። በዓይን የማይታየው የፀሐይ ጨረር ከአየርና ከእርጥበት ጋር ሆኖ ሙጫውን ከላይ ከላይ ይሰባብረዋል። ያን ጊዜ ዱቄቱ ብቻውን ተጋልጦ ይቀራል፤ በጣት ሲነካ እንደ ጠመኔ ይለቃል። ፊቱም ስለሚሻክር ብርሃኑን በየአቅጣጫው ይበትነዋል፤ ስለዚህ መኪናው ነጣ ብሎ ይታያል።

በዚህ ረገድ የቀለሙ ዓይነት ልዩነት ያመጣል። ከቀዮቹ ብዙዎቹ ዱቄቱ ራሱ መልኩን ስለሚለውጥ ወደ ሮዝ ይሄዳሉ። እ.ኤ.አ. በ1935 ለገበያ የቀረበው ፍታሎሲያኒን የተባለው ሰማያዊ ግን ለፀሐይ እጅግ ጠንካራ ነው። ታዲያ ውኃ ሰማያዊ መኪና ለምን ይነጣል ቢባል፣ ሰማያዊውን ለማቅለል የሚጨመረው ነጭ፣ ማለት የቲታኒየም ኦክሳይድ፣ በተለይ አናታዝ የሚባለው ዓይነት፣ በፀሐይ ጨረር ጊዜ ዙሪያውን ያለውን ሙጫ ማፍረስን ስለሚያፋጥን ነው።

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ያላት፣ ፀሐይዋ የበረታ ከተማ ናት። በዚህ ኬክሮስ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ፣ በቀትር ልክ ከአናት በላይ ትውላለች። ስለዚህ ጣሪያውና ኮፈኑ ከሁሉ ይልቅ ይደበዝዛሉ፤ በሮቹ በመጠኑ፤ የበሩ ውስጠኛ ጠርዝና በነዳጅ ክዳኑ ሥር ያለው ስፍራ ግን ምንም አይነካቸውም። በጣሪያው ላይ ፖርቶመጋላ ያለው መኪና እንደ ሆነ፣ ብረቱ ሲነሣ ከሥሩ የቀድሞው ደማቅ ቀለም እንደ መስመር ተስሎ ይገኛል።

ከዚህ የሚከተለው ትምህርት የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብ ነው። ያረጀ መኪና ቀለም አንድ ቀለም አይደለም። በፋብሪካው ሰሌዳ ላይ የተጻፈው የቀለም ቁጥር መኪናው በተወለደበት ቀን የነበረውን መልክ ይነግረናል እንጂ ዛሬ በፊታችን ያለውን አይነግረንም። በቁጥሩ ብቻ ተበጥብጦ በደበዘዘ ኮፈን ላይ የተቀባ ቀለም፣ በአሮጌ ልብስ ላይ እንደ ተጣፈ አዲስ እራፊ ከሩቅ ይጮኻል።

ጭረትን መመርመርና መጠገን

ከድሬዳዋ ወደ ደንገጎና ወደ ሐረር የሚወጣ መኪና ከመንገዱ ዳር የግራርና የቁልቋል እሾህ፣ ከፊቱ ከሚሄደው ጎማ ሥር ደግሞ የሚወረወር ጠጠር ያገኘዋል። የእሾህ ጭረት ረጅምና ቀጭን ነው፤ የጠጠሩ ግን ትንሽና ጥልቅ ነው። ሁለቱንም ለመለየት ስፍራው ከታጠበ በኋላ ጥፍር በጭረቱ ላይ አግድም ይሳባል። ጥፍሩ ካልያዘ በኮምፓውንድ ማሸት ይበቃል። ከያዘ ግን ላሜራው ካልታየ ቀለም መሙላት ያስፈልጋል። ላሜራው ከታየ ነገሩ የመልክ ሳይሆን የብረት ጉዳይ ነው፤ ዝገት ከጭረቱ ጠርዝ ገብቶ በቀለሙ ሥር እየተስፋፋ ይሄዳልና።

የጥገናው ቅደም ተከተል እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ ስፍራው በሳሙናና በውኃ ይታጠባል፤ ሰም ወይም ዘይት እንዳይኖርበትም በንጹሕ ቤንዚን ይጠረጋል። ዝገት ካለ በጠባብ በተጠቀለለ የብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ይፋቃል። ቀጥሎ አንቲረስት በቀጭን ብሩሽ በጭረቱ ውስጥ ብቻ ይቀባና ይደርቃል። ከዚያም ቀለሙ በአንድ ጊዜ ወፍሮ ሳይሆን በስሱ፣ በየመካከሉ እየደረቀ፣ ሦስትና አራት ጊዜ ይደረባል። ቀለም ሲደርቅ ስለሚሰበሰብ የመጨረሻው ድርብ ከዙሪያው ጥቂት ከፍ ብሎ መቅረት አለበት። ከጥቂት ቀናት በኋላ ይህ ከፍታ በውኃ በራሰ ቁጥር 1500፣ በኋላም ቁጥር 2000 ወረቀት ተስተካክሎ በኮምፓውንድ ይወለወላል። ላሜራው ከጎደጎደ ግን ሥራው አስቀድሞ የባትላሜራው ነው፤ ስቱኮም የሚገባው ከእርሱ በኋላ ነው።

በብዙ ጊዜ የተቀባ መኪና የጭረቱ ጠርዝ ሲፋቅ ቀለሞቹ እንደ ዛፍ ዓመታዊ ቀለበት በተርታ ይታያሉ። ይህ የመኪናውን ታሪክ ለማወቅ ለሚፈልግ ሁሉ ጥሩ ማስረጃ ነው።

ቀለምን ማመሳሰል

ማመሳሰል የሚጀምረው በመበጥበጥ ሳይሆን በመወልወል ነው። ከጭረቱ አጠገብ ያለው ስፍራ በኮምፓውንድ ካልጸዳ ሠራተኛው የሚያመሳስለው ከቀለሙ ጋር ሳይሆን ከአቧራና ከጠመኔው ጋር ነው። ከዚህ በፊት አንድ ቀላል ፈተና አለ፤ ስፍራውን በውኃ ማርጠብ ነው። ሲረጥብ መልኩ ከጠለቀ ድብዛዜው ከላይ ብቻ ስለ ሆነ ውልወላ ይመልሰዋል። ረጥቦም ከነጣ ዱቄቱ ራሱ ተለውጧልና አዲሱ ቀለም ወደ ተለወጠው መልክ መሄድ አለበት።

አሜሪካዊው የሥዕል መምህር አልበርት ማንሴል እ.ኤ.አ. በ1905 እንዳስረዳው ማንኛውም ቀለም በሦስት ነገር ይለካል፤ በዓይነቱ (ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ ወዘተ)፣ በብርሃንነቱ (የነጣ ወይም የጨለመ)፣ በድምቀቱም (የጠራ ወይም የፈዘዘ)። ሠራተኛውም በዚህ ተራ ቢጠይቅ አይስትም፤ መጀመሪያ የኔ ከመኪናው ይነጣል ወይስ ይጨልማል? ቀጥሎ ወደ አረንጓዴ ያደላል ወይስ ወደ ቀይ? በመጨረሻ ይበልጥ ደምቋል ወይ? ብዙዎች እንደሚያስቡት ለደበዘዘ መኪና ጥቁር ማከል አይረዳም፤ ጥቁር ያጨልማል እንጂ አያነጣም። ኃይለኛው ቀለም በጠብታ ወደ ደካማው ይጨመራል እንጂ ደካማው ወደ ኃይለኛው አይጨመርም፤ ያለዚያ ለአንድ ጭረት አንድ ባልዲ ቀለም ይባክናል።

ቀለም ሲደርቅ በአብዛኛው ጥቂት ይጨልማል። ስለዚህ በቆርቆሮው ውስጥ እርጥቡን አይቶ መፍረድ ስሕተት ነው፤ በቁራጭ ላሜራ ላይ ቀብቶ፣ አድርቆ፣ በመኪናው ላይ አስጠግቶ ማየት ይገባል። የሚታየውም በመብራት ሳይሆን በቀን ብርሃን፣ በጥላ ሥር ነው። ከተለያየ ዱቄት የተሠሩ ሁለት ቀለሞች በአንድ ብርሃን አንድ መስለው በሌላ ብርሃን ሊለያዩ ይችላሉና፣ ማታ በአምፖል የተስማማው ጧት በአደባባይ ይለያያል።

ስለ ድንበሩ

እ.ኤ.አ. በ1839 ፈረንሳዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ሚሼል ሼቭረል ስለ ቀለሞች ተቃርኖ አንድ መጽሐፍ አሳተመ። እርሱ በፓሪስ በጎብላን የምንጣፍ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ሳለ ጥቁሩ ክር ይፈዛል የሚል ክስ ቀርቦለት ነበር። መርምሮ ያገኘው ግን ጉድለቱ በክሩ ሳይሆን በአጠገቡ ባሉት ቀለሞች መሆኑን ነው፤ ዓይን አንዱን ቀለም የሚያየው ከጎረቤቱ ጋር እያነጻጸረ ነውና።

ይህ ሕግ ለጋራዥም ይሠራል። ሁለት የሚቀራረቡ ቀለሞች ጠርዝ ለጠርዝ ሲገናኙ ጥቂቱ ልዩነት ሁሉ ይታያል፤ በመካከላቸው ክፍተት ወይም እጥፋት ሲኖር ግን ዓይን ይታለላል። ስለዚህ አዲሱ ቀለም በበሩ መካከል አይቆምም፤ ወይ እስከ በሩ ጠርዝ ይሄዳል፣ ወይ እየሳሳ እየሳሳ በአሮጌው ውስጥ ይጠፋል።

ስለ አየሩና ስለ ሠራተኛው ጤና

በድሬዳዋ ሙቀት ቲነሩ ላሜራው ላይ ሳይደርስ ይተናል፤ ቀለሙም ሳይዘረጋ ደርቆ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ይሻክራል። በፀሐይ የጋለ ላሜራ ላይ ቀለም መንፋት ከዚህ የባሰ ነው። መፍትሔው በማለዳ፣ ነፋስና አቧራ ሳይነሣ፣ በጥላ ሥር መሥራትና ዘግይቶ የሚተን ቲነር መምረጥ ነው። በዝናብ ቀን ደግሞ ናይትሮ እርጥበት ስቦ ስለሚነጣ መቆየት ይሻላል።

ከሁሉ በላይ ግን ሊታሰብበት የሚገባው ሰውየው ነው። በሃርድነር የሚደርቁት ቀለሞች አይሶሳያኔት የሚባል ነገር አለባቸው፤ እርሱም የማይለቅ የአስም በሽታ ያመጣል። በፊት ላይ የታሰረ ሻሽ አቧራን በመጠኑ ይከላከል ይሆናል እንጂ ይህን ትነት ፈጽሞ አያግድም። በድሮ ቢጫና ቀይ ቀለሞች ውስጥ ደግሞ የእርሳስ ማዕድን ሊኖር ስለሚችል፣ አሮጌ ቀለም በደረቁ መፋቅ መርዙን ወደ ሳንባ መጋበዝ ነው። ውኃ እያረጠቡ መፋቅ ብዙም ወጪ የለውም፤ ጥቅሙ ግን እጅግ ብዙ ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደ ተገለጸው ጭረትን መጠገን አስቀድሞ ብረቱን፣ ቀጥሎ መልኩን ማዳን ነው፤ መልኩም የሚፈለገው በፋብሪካው ቁጥር ሳይሆን ፀሐይ በዚያ ስፍራ ባደረገችው ለውጥ ነው። ይህን ለመመርመር ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በውጭ አገር በፍሎሪዳ ቀለም የተቀቡ ሰሌዳዎችን በፀሐይ አስጥቶ መፈተን የታወቀ ልማድ ነው። የሳይንስ ተማሪዎች በአንድ ዓይነት ሰማያዊ የተቀቡ፣ ግማሻቸው በአሉሚኒየም ወረቀት የተሸፈነ ጥቂት ላሜራዎች በሐርላ፣ በድሬዳዋና በአዲስ አበባ ጣሪያዎች ላይ ለአንድ ዓመት ቢያኖሩ፣ የሦስቱ ስፍራዎች ፀሐይ በቀለም ላይ ያላትን ኃይል ጎን ለጎን ማየት ይቻላል። ውጤቱም ለጋራዥ ሠራተኛው የትኛው ቀለም እንደሚቆይለት፣ ለባለ ታክሲውም ገንዘቡን በምን ላይ ቢያውል እንደሚሻለው ይነግረዋል።