ከ27 ሜትር ወደ 15

ቤሊዮል ሆሎዌይ የተባለው እንግሊዛዊ ተዋናይ በስትራትፎርድ መድረክ ላይ መተወን፣ ከዶቨር ገደል ላይ ቆሞ ባሕር ማዶ ላለው ለካሌ ሰው እንደመተወን ነው ብሎ ነበር። ቃሉ ግነት አለበት፤ ለግነቱ ምክንያት የሰጠው ግን ቤቱ ራሱ ነው። በላይኛው ሰገነት መጨረሻ ረድፍ ላይ የተቀመጠ ተመልካች ከመድረኩ 27 ሜትር ይርቅ ነበር። ከዚያ ሆኖ የኦቴሎ እጅ ሲወራጭ ይታያል፤ ቅናት ፊቱን ቀስ በቀስ ሲያጠቁረው ግን አይታይም።

ይህ ቴአትር ቤት በመካከለኛው እንግሊዝ፣ ዊልያም ሼክስፒር በ1564 በተወለደባት በስትራትፎርድ ከተማ፣ ከአቮን ወንዝ ዳር የቆመው ሮያል ሼክስፒር ቴአትር ነው። በ2007 ተዘግቶ፣ 112.8 ሚሊዮን ፓውንድ ወጪ የጠየቀ እድሳት ተደርጎለት፣ በ2010 መጨረሻ ዳግም ተከፈተ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስለ ታደሰ ሕንፃ አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው ከመራቂው ንግግርና ከአርክቴክቱ መግለጫ ነው። የዚህ ቤት ታሪክ ግን ከመጀመሪያው አንሥቶ የተመልካች ታሪክ ነው። ተመልካች ሰድቦታል፤ ሊያፈርሱት ሲሉ ተሟግቶለታል፤ አዲሱን ቅርፁንም ገና ሳይሠራ ትኬት ቆርጦ ገብቶ ፈትኖታል።

ለአማርኛ አንባቢ ከተማዋ ሩቅ ብትሆንም ተውኔቶቹ ሩቅ አይደሉም። ከበደ ሚካኤል ሮሜዎና ዡልየትን፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ኦቴሎን፣ ሐምሌትንና ማክቤዝን ወደ አማርኛ አምጥተውልናል። ኦቴሎ የቅናት ነገር በተነሣ ቁጥር ስሙ የሚጠራ የቤተ ዘመድ ያህል ሆኗል። ስለዚህ እነዚህ ተውኔቶች በደራሲያቸው የትውልድ ከተማ ምን ዓይነት ጣሪያ ሥር እንደሚታዩ ማወቅ ለእኛም የሚገድ ነገር ነው።

በቦታው ላይ የመጀመሪያው ቴአትር ቤት የተከፈተው በ1879 ነው። መሬቱን የሰጠው ቻርልስ ፍላወር የተባለ የከተማው ቢራ ጠማቂ ነበር። ማማ ያለው፣ በጎቲክ ስልት የተጌጠ ቤት ነበር፤ በመጋቢት 1926 ተቃጠለ። ጸሐፌ ተውኔቱ ጆርጅ በርናርድ ሾው ስለ ቃጠሎው የላከው ቴሌግራም የሐዘን ሳይሆን የደስታ መግለጫ ነበር፤ ቤቱን ምን ያህል ቢጠላው እንደሆነ ከዚህ ይታያል። ቀጥሎ የዲዛይን ውድድር ተደረገና ከ72 ተወዳዳሪዎች ኤሊዛቤት ስኮት የተባለች የ29 ዓመት አርክቴክት አሸነፈች። በ1932 የተመረቀው ሕንፃዋ በብሪታኒያ ሴት አርክቴክት ዲዛይኑን የሠራችው የመጀመሪያው ታላቅ የሕዝብ ሕንፃ ነው።

የከተማው ሰው ግን በአንድ ቃል ተቀበለው፦ «የማርማላታ ፋብሪካ» አለው። ጠፍጣፋው የቀይ ጡብ ግድግዳ ለሼክስፒር የሚመጥን አልመሰላቸውም። የሙዚቃ ደራሲው ኤድዋርድ ኤልጋርም ሕንፃው እጅግ ስላስጠላው ወደ ውስጥ ለመግባት እንኳ እምቢ ብሏል ይባላል።

ስኮትን በደፈናው መውቀስ አይገባም። በእሷ ዘመን በአሮጌ ቴአትር ቤቶች ብዙ ሰው ከምሰሶ ጀርባ ተቀምጦ አንገቱን እያጠማዘዘ ነበር የሚያየው። እሷ አዳራሹን ከመድረኩ በኩል ጠበብ፣ ወደ ኋላ ግን ሰፋ እያለ እንዲሄድ አደረገችው። ሁሉም ወንበር ፊት ለፊት ያያል፤ የሚጋርድ ምሰሶ የለም። ያኔ በየከተማው ይሠሩ የነበሩት ሲኒማ ቤቶች ቅርፅ ይኸው ነበር። ለፊልም ደግሞ ይበጃል፤ በሸራ ላይ የተዋናይ ፊት የግድግዳ ያህል ስለሚሆን ከኋላ ያለውም ሰው አይጎድልበትም። ሕያው ሰው ግን ያው ቁመቱ ነው፤ ማንም አያጎላውም። የቴአትር ቤት ዲዛይነሮች በልምድ የሚይዙት ልክ ወደ 20 ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ተመልካቹ የተዋናዩን እንቅስቃሴ እንጂ የፊቱን ነገር ማንበብ ያቅተዋል። ስኮት ሁሉም ሰው እንዲያይ አደረገች፤ ሁሉም ሰው እንዲቀርብ ማድረግ ግን ቅርፁ አልፈቀደላትም።

ላይኛው ሰገነት ሌላም በደል ነበረበት። ርካሽ ትኬት የቆረጠው ሰው የሚገባው በሌላ በር፣ በሌላ ደረጃ ነበር። እምነበረድ ያለውን ዋናውን መግቢያ ሳያይ ይወጣል፣ ሳያይ ይወርዳል። ይህ እኔን ከርቀቱ እኩል ያሳዝነኛል፤ አንድን ተውኔት አብረው ሊያዩ የመጡ ሰዎች ከደጅ ጀምሮ ተለያይተው ማለት ነውና።

የቤቱ ሰዎች ችግሩን ያውቁት ነበር። አዘጋጆች እየተተካኩ መድረኩን ወደ ተመልካቹ ሲገፉት ኖረዋል፤ በ1960 ኃላፊነቱን የተረከበውና በማግስቱ ዓመት የሮያል ሼክስፒር ኩባንያን ያቋቋመው ፒተር ሆልም ከእነዚህ አንዱ ነው። ዐይን የገለጠው ሙከራ የመጣው ግን ከጎረቤት ነው። በ1926 በተቃጠለው አሮጌ ቤት ግድግዳዎች ውስጥ ስዋን የሚባል ትንሽ ቴአትር በ1986 ተሠራ። እንጨት የለበሱ ሰገነቶች መድረኩን ከሦስት ጎን ይከቡታል። ተመልካች ወዲያው ወደደው፤ ተዋንያንም እንዲሁ። ከዚያ ወዲያ በዚያው ቅጥር ግቢ ሁለቱን ቤቶች እየተመላለሰ ያየ ሰው ትልቁን ቤት እንደ ቀድሞው ሊታገሠው አልቻለም።

በ2001 የኩባንያው መሪ አድሪያን ኖብል የ1932ቱን ቤት አፍርሶ በምትኩ አዲስ የቴአትር መንደር የመሥራት ዕቅድ አወጣ። ያኔ የሆነውን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ለ70 ዓመት ፋብሪካ እያለ ሲያማው የኖረው ከተማ ቤቱ ይፈርሳል ሲባል ተቃወመ። የቅርስ ተቆርቋሪዎችም ተነሡ፤ ሕንፃው በሕግ የተጠበቀ ቅርስ ነውና። ኖብል ኃላፊነቱን ለቀቀ፤ በ2003 የተካው ማይክል ቦይድም የማፍረሱን ሐሳብ ትቶ ሌላ መንገድ ያዘ፦ ቅርፊቱ ይቆይ፣ አዳራሹ ከውስጥ ወጥቶ ሌላ ይግባ። ተቃውሞውን እንደ አጉል ወግ አጥባቂነት የሚያዩት አሉ። እኔ አልስማማም። ሰዎቹ የጠሉት የወንበሩን ርቀት ነበር፤ ልጅ ሆነው ከወላጆቻቸው ጋር የገቡበትን በር አልነበረም።

ቀጥሎ የመጣው እርምጃ ለእኔ ከእድሳቱ ሁሉ ብልሁ ነው። አዲሱን አዳራሽ በወረቀት ብቻ አልወሰኑም። በ2006 በአቅራቢያው በነበረ የመኪና ማቆሚያ ላይ ኮርትያርድ የተባለ ጊዜያዊ ቴአትር ቤት ተከሉ፤ ውጪው የዛገ ብረት፣ ውስጡ 1,000 ያህል ሰው የሚይዝ፣ ሊሠራ ከታሰበው ጋር ተቀራራቢ ስፋትና ቅርፅ ያለው። ዋናው ቤት ተዘግቶ በነበረበት ጊዜ ኩባንያው እዚያ ሠራ፤ ቦይድ የሼክስፒርን የታሪክ ተውኔቶች በተከታታይ አቀረበ፤ በ2008 ዴቪድ ቴናንት ሐምሌትን ተጫወተ። ሥራው ሁሉ የሚገመገመው ትኬት ቆርጦ በገባው ሕዝብ ነበር። ወንበሩ ይቆረቁራል፣ ከዚህ ጥግ አይሰማም፣ ከዚያ ጥግ አይታይም የሚለው አስተያየት አርክቴክቶቹ ገና እርሳስ በእጃቸው ሳለ ደረሳቸው። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሳያውቁት የአንድ ሕንፃ ዲዛይን አማካሪዎች ሆኑ።

ቤኔትስ አሶሼትስ የተባለው የአርክቴክቶች ድርጅት የሠራው አዳራሽ ወደ 1,040 ሰው ይይዛል። የድሮው ወደ 1,400 ይይዝ ነበር። ይህን ቁጥር ሳየው ከምንም በላይ አከብራቸዋለሁ፤ በየምሽቱ የሚሸጠው ትኬት በመቶዎች እንዲቀንስ ፈቅደው ነው ተመልካቹን ያቀረቡት። ዛሬ ከመድረኩ እጅግ የራቀው ወንበር 15 ሜትር ላይ ነው። መድረኩ ከግድግዳው ወጥቶ ወደ አዳራሹ መካከል ዘልቋል፤ አዝማሪን ከበው እንደሚሰሙ ሰዎች ተመልካቹ በሦስት ጎን ይከበዋል፣ ከሁለት ሰገነትም ቁልቁል ያየዋል። ቦይድ ይህን «ባለ አንድ ክፍል ቴአትር» ይለው ነበር፤ ተዋናይና ተመልካች በአንድ ክፍል ውስጥ ናቸው፣ የሚለያቸው ግድግዳ የለም።

እንዲህ ያለ መድረክ አሠራሩም ይለያል። ከኋላ ትልቅ ሥዕል ሰቅሎ ቤተ መንግሥት ነው፣ ጫካ ነው ማለት አይቻልም፤ ከጎን ያለው ሰው አያየውም። ስለዚህ ዕቃው ከላይ ይወርዳል ወይም ከታች ይወጣል። ለዚህም ከመድረኩ ሥር 7 ሜትር የሚጠልቅ ምድር ቤት ተቆፍሯል፤ ወንዝ አጠገብ እንዲህ መቆፈር ቀላል ሥራ አይደለም። ተዋንያን ከመጋረጃ ጀርባ ብቻ ሳይሆን በተመልካቹ መካከል ባሉ መተላለፊያዎች ይገባሉ፤ ሠራዊት ሲዘምት ጫማው ከጆሮህ ሥር ይሰማል።

በሩ ሲከፈት የተመልካቹ ምላሽ ምን ነበር? ብዙዎች መጀመሪያ የተናገሩት ስለ ቅርበቱ ነው። ተዋናዩ ትንፋሹን ሲሰበስብ ይሰማል፤ ላቡ ይታያል። ሌላው ያልጠበቁት ነገር ነበር፦ ከመድረኩ ማዶ ሌሎች ተመልካቾች ይታያሉ። ንጉሥ ሊር የሞተች ልጁን ታቅፎ ሲገባ ማዶ ያለችው ሴት አፏን በእጇ ስትይዝ ታያለህ፤ እሷም አንተን ታያለች። ይህን የወደዱ አሉ፤ ሐሳባቸውን የሚበትንባቸውም አሉ፣ በጨለማ ውስጥ ብቻቸውን ሆነው ማየት የለመዱ። ሁለቱም ወገን እውነት አለው። እኔ ግን ከመጀመሪያዎቹ ጋር ነኝ፤ ሼክስፒር የጻፈው በቀን ብርሃን፣ ሰው ሰውን እያየ ለሚሰማበት ቤት ነበርና።

ቅሬታውም ብዙ ነው። ከጎን የተቀመጠ ሰው ለረጅም ጊዜ የሚያየው የተዋናይ ጀርባ ሊሆን ይችላል። በላይኛው ሰገነት ደግሞ አጥር ላይ ደገፍ ብሎ ወደ ታች ማቀርቀር ያስፈልጋል፤ ሦስት ሰዓት በሚፈጅ ተውኔት ይህ ወገብ ይፈትናል። ከውጪ ሲታይ ብዙ ያከራከረው አዲሱ ማማ ነው። የጡብ ማማ ነው፤ 36 ሜትር ይረዝማል፤ በሊፍት ወጥቶ ከተማውንና ወንዙን ከላይ ማየት ይቻላል። ለትንሽ ከተማ በዝቷል ያሉ ነዋሪዎች ነበሩ። እንዲህም ሆኖ በ2011 ሕንፃው የብሪታኒያ አርክቴክቶች ታላቅ ሽልማት ለሆነው ለስተርሊንግ የመጨረሻ ዕጩዎች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል።

ጋዜጦች ብዙ ያልጻፉላቸው፣ ተመልካቹ ግን ወዲያው ያስተዋላቸው ነገሮችም አሉ። መጸዳጃ ቤቶቹ በዙ፤ በእረፍት ሰዓት ለተሰለፈች ሴት ይህ ከማማው ይበልጣል። ሊፍት ገባ፤ በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጣ ሰው ወደ ቦታው የሚደርስበት መንገድ ተሻሻለ። ለላይኛው ሰገነት ብቻ የነበረው የተለየ በር ቀርቶ ሁሉም በአንድ መግቢያ ይገባል። ትልቁ ቤትና ስዋንም በውስጥ ተገናኙ።

የስኮት ሥራም አልተረሳም። በጥንቃቄ የተሠራው የ1932ቱ መግቢያና ደረጃው በቦታቸው አሉ። የአሮጌው መድረክ ሳንቃ ተነቅሎ በመግቢያው አዳራሽ ወለል ላይ ተነጥፏል። ሎረንስ ኦሊቪዬና ቪቪያን ሊ በ1955 የተወኑት፣ ጥቁር አሜሪካዊው ፖል ሮብሰን በ1959 ኦቴሎን የተጫወተው በዚህ ቤት ነው። ዛሬ ትኬቱን ይዞ የሚጠብቅ ማንም ሰው በአሮጌው ሳንቃ ላይ ይቆማል። ከዕድሜ ጠገብ ተመልካቾች ብዙዎቹ በእድሳቱ የረኩት እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ትዝታቸው ከሙዚየም መስተዋት ጀርባ አልተቀመጠም፣ ከእግራቸው ሥር ነው።

ጊዜያዊው ኮርትያርድ ሥራውን ጨርሶ በቦታው ዘ አዘር ፕሌስ የተባለው ትንሹ ቴአትር በ2016 ተከፍቷል። በትልቁ ቤት ደግሞ ክርክሩ ወደ መድረኩ ሥራ ተዛውሯል። በሦስት ጎን ለተቀመጠ ሕዝብ ማዘጋጀት ከባድ ነው፤ ተዋናይ አንድ ቦታ ቆሞ ረጅም ንግግር ቢያደርግ ከሕዝቡ አንዱን ክፍል ያጣል። ስለዚህ በማእዘን በማእዘን ይቆማሉ፤ ይዞራሉ፤ ንግግሩን ለሦስቱም ጎን ያካፍላሉ። አንዳንድ አዘጋጅ ይህን በረከት ይለዋል፤ አንዳንዱ አሁንም መድረኩን ወደ ኋላ፣ ወደ ግድግዳው ሊመልሰው ይሞክራል። ያን ጊዜ መጀመሪያ የሚያውቀው ከጎን፣ ከሁለተኛው ሰገነት ጫፍ የተቀመጠው ሰው ነው፤ ቅሬታውንም መጀመሪያ የሚያሰማው እሱ ነው።