ግሉተን የሌለበት ሀምበርገርና የጤፍ ዱቄት ንግድ

ሀምበርገር የተፈጨ የበሬ ሥጋ ተጠፍጥፎና ተጠብሶ በክብ ዳቦ መካከል የሚቀርብ ምግብ በመሆኑ፣ ለተማሪ ምሳ ዕቃም ሆነ ለቤተሰብ ሽርሽር እጅግ የተመቸ ነው። ነገር ግን ሴልያክ የሚባለው ሕመም ላለበት ልጅ የስንዴ ዳቦ አይስማማውም፤ በስንዴና በገብስ ውስጥ የሚገኘው ግሉተን አንጀቱን ይጎዳዋልና። የስንዴንም ጠንቅ የሆላንዱ ሐኪም ዊለም ዲከ እ.ኤ.አ. በ1950 ባቀረበው የጥናት ጽሑፍ አስረድቷል።

ጤፍ በተፈጥሮው ግሉተን የለበትም። ሆኖም የጤፍ ዱቄት ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ ስንዴ በተፈጨበት ወፍጮ ጤፍ ቢከተል ቅሪቱ ይቀላቀልበታል። ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደንብ፣ «ግሉተን የሌለበት» ተብሎ በሚሸጥ ምግብ ላይ የሚፈቅደው በ1 ኪሎ ከ20 ሚሊግራም የማይበልጥ ግሉተን ነው። ስለዚህ ለጤፍ ብቻ የሚሆን ወፍጮ መትከል ወጪ ቢያስከትልም፣ በከረጢቱ ላይ የተጻፈው ቃል የሚታመነው በዚሁ ነው።

ለግማሽ ኪሎ የተፈጨ ሥጋ አንድ እንቁላል፣ በደቃቁ የተከተፈ ሽንኩርት፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ይበቃል፤ ማያያዣ ካስፈለገ በዳቦ ፍርፋሪ ፈንታ አንድ ማንኪያ የጤፍ ዱቄት ይጨመራል። ተጠፍጥፎ የተዘጋጀ ሥጋ የሚገዛ ሰው ፍርፋሪ እንዳልገባበት ይጠይቅ፤ ብዙ ሰው ዳቦውን ብቻ እየተጠራጠረ ሥጋውን ይረሳልና። ሥጋው መካከሉ ቀይ ሆኖ እንዳይቀር በሚገባ ይጠበሳል። የጤፍ ሊጥ እንደ ስንዴ ተለጥጦ ቅርጹን ስለማይዝ፣ እንቁላልና ቤኪንግ ፓውደር ተጨምሮበት በትናንሽ ክብ ቆርቆሮ ይጋገራል።

ለትምህርት ቤት ሲላክ ሥጋው ቀዝቅዞ ከዳቦው ተለይቶ ይጠቀለላል፤ ልጁም ከጓደኞቹ ምሳ እንዳይለዋወጥ አስቀድሞ ይነገረዋል።