ላባ፣ ሰምና ጅራፍ፦ በዝንብ ዓሣ ስለማጥመድ የሚባለውና እውነቱ

እንጦጦ ማርያም በር ላይ ጧፍ ከሚሸጡ አንዲት እናት ቁራሽ ሰም ስጠይቅ «ለምን ይሆንሃል ልጄ?» አሉኝ። «ለዝንብ ነው እማማ። ዓሣ የማጠምድበትን ዝንብ እሠራበታለሁ።» ትንሽ አሰቡና «ዓሣ የሚጠመደው በትል ነው። ዝንብ ከሆነ ደግሞ ሞልቶ የለም ወይ፣ ምን መሥራት ያስፈልጋል?» አሉ። ይህንኑ ጥያቄ ከብዙ ሰው ሰምቼዋለሁ፤ መልሱን በደንብ መናገር ይገባኛል።

«ዝንብ ይዞ መንጠቆ ላይ መሰካት ነው»

ይህ ዝንብ ነፍስ የለውም። በትንሽ መንጠቆ ላይ ላባ፣ ፀጉርና ክር ተጠምጥሞበት ውኃ ላይ የወደቀ ነፍሳት እንዲመስል የተደረገ ነው። ሽታም ጣዕምም ስለሌለው ዓሣውን የሚያታልለው በመልኩና በአካሄዱ ብቻ ነው።

ከትል ማጥመድ በሌላም ነገር ይለያል። በትል ሲጠመድ ጫፉ ላይ ያለው እርሳስ ክሩን ጎትቶ ይወስደዋል። ዝንቡ ግን ክብደት ስለሌለው ብቻውን ቢወረውሩት የትም አይደርስም። የሚወረወረው ክሩ ነው። ስለዚህ ዋናው ክር ወፍራምና ከባድ ተደርጎ ይሠራል፤ ዘንጉ ወደ ኋላ ከዚያም ወደ ፊት ሲመታ ክሩ አየር ላይ ተዘርግቶ ዝንቡን ተሸክሞት ይሄዳል። ለቡሄ ጅራፍ ያጮኸ ልጅ ነገሩን በእጁ ያውቀዋል። ልዩነቱ እዚህ ጩኸት አይፈለግም። ክሩ ከጮኸ፣ ከኋላ ተዘርግቶ ሳያልቅ ወደ ፊት መትተኸዋል ማለት ነው፤ ዝንቡም ተበጥሶ ይቀራል።

«የእንግሊዝ ጌቶች ጨዋታ ነው»

እንግሊዞች ብዙ ጽፈውበታል እንጂ የጀመሩት እነሱ አይደሉም። ከ1,800 ዓመት ገደማ በፊት ሮማዊው ጸሐፊ ኤልያን የመቄዶንያ ሰዎች አስትራዮስ በተባለ ወንዝ እንዴት እንደሚያጠምዱ ጽፏል፦ መንጠቆ ላይ ቀይ ሱፍ ይጠመጥማሉ፤ ከአውራ ዶሮ የተገኙ፣ ሰም የሚመስል ቀለም ያላቸው ሁለት ላባዎች ይጨምሩበታል። ጃፓኖችም በተራራ ወንዞቻቸው ቴንካራ የሚሉት ዘዴ አላቸው፤ ረጅም ዘንግ፣ ጫፉ ላይ የታሰረ ክርና አንድ ዝንብ ብቻ፣ ክር መጠቅለያ እንኳን የለውም። ሸምበቆ ቆርጦ ክር ከሚያስርበት የሐይቅ ዳር ልጅ መሣሪያ ጋር አንድ ዓይነት ነው።

ክሩስ? ናይለን ሳይመጣ ብዙ ዘመን ሲያገለግል የኖረው የፈረስ ጭራ ነው። እንግሊዛዊው አይዛክ ዋልተን መጽሐፉን ባሳተመበት በ1653 (እ.ኤ.አ.) አጥማጆች ጭራውን እየገመዱ፣ ከሥሩ ብዙ ፀጉር ከጫፉ ጥቂት እያደረጉ ያቀጥኑት ነበር። እኛ ዘንድ ያው ጭራ በማሲንቆ ላይ ተወጥሮ ይዘፈንበታል።

«ዕቃው ሁሉ ከውጭ ካልመጣ አይሆንም»

መንጠቆው፣ ናይለኑና ከባዱ ክር ይገዛሉ፤ ይህን አልክድም። ዝንቡን ራሱን ግን ከእንጦጦ ወርጄ ሽሮ ሜዳ ሳልደርስ ልጨርሰው እችላለሁ።

ለፋሲካ ዶሮ ሲታረድ ሙቅ ውኃ ከመፍሰሱ በፊት የአንገቱን ላባ እለምናለሁ። ያረጀ አውራ ዶሮ አንገት ላባ ጠንካራና አንጸባራቂ ስለሆነ መንጠቆው ላይ ሲጠመጠም ጭረቶቹ እንደ እግር ይቆማሉ፤ ዝንቡ የውኃውን ገጽ ሳይበሳ ይንሳፈፋል። የሴቷ ላባ ለስላሳ ነው፣ ውኃ ይጠጣል፤ ስለዚህ ለሚሰምጥ ዝንብ ይሆናል። ሰዎች ሁለቱን ሳይለዩ ይሠሩና ዝንቡ ለምን እንደሰመጠ ይገርማቸዋል። ለአካል የበግ ሱፍ በጣት ተፈትሎ ክሩ ላይ ይለጠፋል። እንዲለጠፍ የሚያደርገው ሰሙ ነው፤ የጧፍ ሻጯን ቁራሽ ለዚህ ነው የምፈልገው። ሰም የተቀባ ክር መንጠቆው ላይ አይንሸራተትም፤ እጅ ለአፍታ ቢለቀውም ጠበቅ ብሎ ይቆያል።

አንድ ነገር ሞክሬ አልሆነልኝም። ሽሮ ሜዳ ከሸማኔዎቹ የጥለት ክር ገዝቼ ነበር፤ ቀለሙ ልብ ይሰርቃል። ጥጡ ግን ለትንሽ መንጠቆ ወፍራም ነው፣ ሲጎትቱትም ይበጠሳል። ለማሰሪያ ቀጭን የፖሊስተር መስፊያ ክር ይሻላል። ጥለቱን ለጅራት አስቀርቼዋለሁ።

«ደማቅ ዝንብ፣ ወፍራም ክር»

ሁለቱም የሚመጡት በሰው ዓይን ከማሰብ ነው። ዓሣ ከውኃ ውስጥ ቀና ሲል የውጭውን ዓለም የሚያየው ከራሱ በላይ ባለ አንድ ክብ መስኮት ነው፤ ከዚያ ውጭ ያለው የውኃ ገጽ እንደ መስታወት የወንዙን ሥር ያሳየዋል። 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ላለ ዓሣ መስኮቱ 68 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት አለው። የሚንሳፈፍ ዝንብ በዚያ መስኮት ውስጥ ሲገባ ከጀርባው ብሩህ ሰማይ ስላለ ከቀለሙ ይልቅ መጠኑና ቅርጹ ይታያል። መጠኑን የሳተ ዝንብ ምንም ቢያምር አይጎረስም።

ክሩም እንዲሁ። በከባዱ ክርና በዝንቡ መካከል የሚገባ መሪ ክር አለ፤ ርዝመቱ ብዙ ጊዜ 2.7 ሜትር ይሆናል። እኔ ራሴ ነው የምቀጥለው። ከ0.50 ሚሊ ሜትር ናይለን እጀምርና በየደረጃው 0.05 እየቀነስኩ 0.15 ላይ አደርሰዋለሁ። ከርዝመቱ ከግማሽ በላይ፣ 1.6 ሜትር ያህሉ፣ ወፍራሙ ክፍል ነው፤ የመጨረሻው ቀጭን ጫፍ ግማሽ ሜትር ገደማ ይበቃዋል። ልክ እንደ ጅራፍ ከሥሩ ወፍሮ ወደ ጫፉ ካልሳሳ ከክንድ የመጣው ኃይል መንገድ ላይ ይቀርና ክሩ ተጠቅልሎ ዓሣው ራስ ላይ ይወድቃል። ጫፉ ወፍራም ከሆነ ደግሞ ዝንቡን አስሮ ይጎትተዋል፤ ወንዙ ወደ አንድ ወገን፣ ዝንቡ ወደ ሌላ ይሄዳል። እንዲህ የሚሄድ ነፍሳት ዓሣው አይቶ አያውቅም።

ደግሞም ክር አብዛኛውን ጊዜ የሚበጠሰው ቋጠሮው ላይ ነው። ናይለን ደርቆ ሲጠብቅ በሰበቃ ይግላል፣ ይዳከማል። ከማጥበቅህ በፊት በምራቅህ አርጥበው። ብዙ ዓሣ ያመለጠኝ ይህን ሳላውቅ ነው።

«ትራውት የባሌ ዓሣ ነው»

ባሌ ውስጥ በዌብ፣ በዳንካና በሻያ ወንዞች ትራውት አለ፤ ብዙ ሰው ከጥንት የነበረ ይመስለዋል። የመጣው ግን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከኬንያ ነው፤ ለኬንያም ቢሆን እንግዳ ነበር። እዚህ እንጦጦ ላይ ያለን ዛፍ ስሙ ራሱ ይመሰክርበታል፤ ባሕር ዛፍ ብለን ከባሕር ማዶ መምጣቱን አስታውሰናል። ለዓሣው እንዲህ ያለ ስም ስላልወጣለት እንግድነቱ ተረሳ። አንዳንድ ወዳጆቼ ትራውት ወደ ሌላ ወንዝ ቢዛወር ይላሉ። እኔ አጥብቄ እቃወማለሁ። በደቡብ አፍሪካ ወንዞች ትራውት የአገሬውን ትንንሽ ዓሣ በልቷል።

ያለ ትራውትም ዝንብ የለም ማለት ስሕተት ነው። ሌቢዮባርበስ የሚባለው፣ በየቦታው ቢልጫ እየተባለ የሚጠራው ወገን፣ በአባይም በአዋሽም ተፋሰስ አለ። የዚሁ ወገን ዘመዶች በደቡብ አፍሪካ የዝንብ አጥማጆች ተወዳጅ ናቸው። ጣና ብቻ በሌላ ቦታ የማይገኙ ከ10 በላይ ዓይነቶች ይኖሩበታል።

«ታዲያ ከእንጦጦ ወንዝ አታጠምድም?»

አላጠምድም። ይህ ሸንተረር ውኃ ይከፍላል፤ በሰሜን በኩል የወረደው ወደ አባይ፣ በደቡብ የወረደው በቀበናና በቀጨኔ አድርጎ በአቃቂ ወደ አዋሽ ይሄዳል። ላይኛው ጅረት ትንሽ ነው፤ ታችኛው ከተማውን ሲያቋርጥ ቆሻሻና የፋብሪካ ፍሳሽ ይቀላቀለዋል። ዘንጌን ይዤ ሣር ላይ እወረውራለሁ፣ መንጠቆ የሌለው የሱፍ ቁራጭ አስሬ። እጅ የሚለምደው እንዲህ ነው።

ክረምት ሲገባ ደግሞ ዘንጉን እሰቅለዋለሁ። ከሐምሌ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ የጣና ሌቢዮባርበሶች ብዙዎቹ ለመራባት ወደ ርብ፣ ወደ ጉማራ፣ ወደ መገጭና ወደ ግልገል አባይ ይወጣሉ። ተሰብስበው ስለሚሄዱ የወንዙ አፍ ላይ መረብ መዘርጋት፣ ወይም የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውኃው ውስጥ መጨመር እናቱን ከነእንቁላሏ ያስቀራል። እኔ በዚያ ወቅት መስኮት ዳር ቁጭ ብዬ ዝንብ እሠራለሁ፤ ዝናቡ ባሕር ዛፉን ይመታል፣ ሰሙ ጣቴ ላይ ይሞቃል፣ ከታች ከሰፈር የቡሄ ልጆች ጅራፍ ይሰማል።